የቤት ጊዜ አከፋፈልና የዕረፍት ዕዳ

ለሰው ልጆች ከተሰጡት ሀብቶች ሁሉ እኩል ሆኖ የተሰጠው ጊዜ ብቻ ነው። መሬት ለአንዱ ሰፍቶ ለሌላው ጠቦ ይደርሰዋል፤ ጤናና ጕልበት፥ መልክና ዕውቀትም እንደዚሁ ለየሰው ልክ ልክ አላቸው። ቀንና ሌሊት ግን ለባለጠጋው 25 ሰዓት፥ ለድኻው 23 ሰዓት ሆነው አያውቁም፤ ሁሉም 24 ሰዓት ይቀበላል፥ ከዚያም ለነገ የሚያስቀምጠው የለም። ዳሩ ግን ይህ ከላይ እኩል ሆኖ የወረደ ስጦታ ወደ አንድ ቤት በገባ ጊዜ እኩልነቱ ይጠፋል። በአንድ ጣራ ሥር ከሚያድሩት መካከል የማታው ሰዓት ለአንዱ የወግና የጋዜጣ ሲሆን ለሌላው የእሳትና የድስት ይሆናል፤ አንዱ የእሑድን ጧት ሲተኛበት ሌላው ከዶሮ ጩኸት በፊት ይነሣበታል። እንግዲህ ስጦታው እኩል ከሆነ አከፋፈሉን ያበላለጠው ማን ነው? በምንስ ፍርድ አበላለጠው? ይህ ጥያቄ የጓዳ ነገር መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ሰው ፍርድን የሚማረው አስቀድሞ በአደባባይ ሳይሆን በአባትና በእናቱ ቤት ስለ ሆነ፥ ከትልልቆቹ የፍርድ ጥያቄዎች አንዱ ነው።

የቤተ ሰብ ቀን በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍል ደመወዝ ወይም ትርፍ የሚገኝበት ሥራ ነው። ሁለተኛው ሰውን የመንከባከብ ድካም ነው፤ ይኸውም ሕፃን ማጥባትና ማጠብ፥ በሽተኛ ማስታመም፥ ሽማግሌ መጦር፥ እንጀራ መጋገር፥ ወጥ መሥራት፥ ቤት መጥረግና ልብስ ማጠብ ነው። ሦስተኛው ዕረፍት ነው፤ ይኸውም ከባልንጀራ ጋር መጫወት፥ መጽሐፍ ማንበብ፥ መጸለይ፥ ወይም ምንም ሳያደርጉ ተቀምጦ ማሰብ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ አለው፤ ሦስተኛው ደስታ አለው፤ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ስም እንኳ የለውም።

ስም የሌለው መሆኑ ከአነጋገር ይታወቃል። አንድ ተማሪ በትምህርት ቤት «አባትህ ምን ይሠራሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ጸሐፊ ናቸው» ወይም «ነጋዴ ናቸው» ይላል። «እናትህስ?» ሲባል «ሥራ የላትም፤ የቤት እመቤት ናት» ብሎ ይመልሳል። በዚህ አጭር መልስ ውስጥ ቃልና ኑሮ ይጣላሉ። እመቤት ማለት የምታዝዝ፥ የምትገለገል፥ የከበረች ማለት ነው፤ በዚያ ቤት ግን ከሁሉ በፊት ተነሥታ ከሁሉ በኋላ የምትተኛው እርስዋ ናት። ሥራ የላትም የተባለችውም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምራ እሳት ስታነድ፥ ልጅ ስታለብስ፥ ገበያ ስትወጣ፥ ስትከትፍና ስታማስል፥ ስታጥብና ስታሰጣ ውላ ማታ በ4 ሰዓት ወገብዋን ይዛ የምትቀመጠው ናት። ልጁ አልዋሸም፤ ከታላላቆቹ የሰማውን ተናገረ እንጂ። ሥራ ማለት ገንዘብ የሚከፈልበት ብቻ ነው ተብሎ ከተለመደ፥ ያልተከፈለበት ድካም ሁሉ ከሥራ ቍጥር ይወጣል፤ ከሥራ ቍጥር የወጣ ድካምም ዕረፍት የሚገባው አይመስልም። የነገሩ ሥር ይህ ነው፤ ዕረፍት ለሠራ ሰው ይገባል፥ እርስዋ ግን አልሠራችም ተብሏልና።

በባላገር ቤት አከፋፈሉ ሌላ መልክ አለው። ወንዱ ሞፈርና ቀንበር ይዞ ወደ እርሻ ሲወርድ ሴቲቱ ውሃ ቀድታ፥ እንጨት ለቅማ፥ እህሉን ፈጭታና ጋግራ ትጠብቀዋለች። ሸክሙ በዚያም እኩል ነበር አይባልም፤ የድንጋይ ወፍጮ በሌሊት ሲያጕረመርም እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ነገር ግን ሥራውና ቤቱ በአንድ ግቢ ስለሆኑ የሁለቱም ድካም ለዓይን ይታያል፤ ገበሬው ከጎተራ የወጣው እህል እንጀራ እስኪሆን ድረስ በስንት እጅ እንዳለፈ ይመለከታል። የከተማ ኑሮ በመጣ ጊዜ ግን ሥራ ከቤት ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤትና ወደ ፋብሪካ ሄደ፤ ሰዓት ተወሰነለት፥ ደመወዝ ተቈረጠለት። በቤት የቀረው ድካም ያለ ሰዓትና ያለ ደመወዝ ቀረ። የሞተር ወፍጮ የድንጋዩን ሲተካ፥ ቧንቧ ምንጭን ሲተካ፥ የኤሌክትሪክ ምጣድ የጭሱን ምድጃ ሲተካ የሴቲቱ ሸክም በእውነት ቀልሏል፤ ይህን መካድ አይገባም። የተረፈው ሰዓት ግን ወደ ዕረፍት አልሄደም፤ ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የሚገኝበት ሥራ ወሰደው፥ የቀድሞውም ሸክም በላዩ እንደ ተጫነ ቀረ።

በ2005 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ዕድሜአቸው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ቀናቸውን በምን በምን እንደሚያሳልፉ በሀገሪቱ ጠይቆ መዝግቦ ነበር። የተገኘው ነገር በየቤቱ የሚታየውን ያጸና ነው፤ ክፍያ የሌለው የቤት ድካም ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ እጅግ ይበዛል። የቈጠረው ከ10 ዓመት ጀምሮ መሆኑም ሊታሰብበት ይገባል፤ ወንድሟ ኳስ ሲጫወት ሕፃን የምታዝለው ልጅ የዚህ መዝገብ ክፍል ናትና።

ሕግስ ሰዓትን እንዴት ይቈጥራል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 የሥራ ጊዜ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በላይ ለሠራ የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲሰጠው፥ በሳምንትም ከ24 ሰዓት የማያንስ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲኖረው አዝዟል። ለእናት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፥ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ሰጥቷል፤ በቀድሞው አዋጅ ቍጥር 377 ከወሊድ በኋላ ያለው 60 ቀን ብቻ ነበር። ለአባትም 3 ቀን ሰጥቷል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን 120ንና 3ን አቀራርቦ ለሚመለከት ሰው ሁለቱ ቍጥሮች አንድ ነገር ይናገራሉ። የእናቲቱ ሰውነት ከምጥ እስኪያገግም ድረስ ብዙ ቀን እንደሚያስፈልጋት ክርክር የለበትም። ነገር ግን ሕፃኑ በአራተኛው ቀን ሌሊት ሲያለቅስ አባቱ በማለዳ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ስለ ሆነ «አንተ ተኛ» ይባላል፤ ያን ሌሊት የተጀመረው አከፋፈልም ልጁ እስኪዳር ድረስ የቤቱ ሕግ ሆኖ ይኖራል።

የውጭ ሀገር ሰዎችም ይህን ስሌት ሲያሰሉ ከዚሁ ጕድለት አላመለጡም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1856 ዓ.ም. በአውስትራልያ በሜልቦርን ከተማ የነበሩ ድንጋይ ጠራቢዎች ሥራቸውን አቁመው ተሰልፈው የ8 ሰዓት የሥራ ቀን አገኙ። በዚያ ዘመን የሠራተኞች ምኞት ቀኑ በሦስት ስምንት እንዲከፈል ነበር፤ 8 ሰዓት ለሥራ፥ 8 ሰዓት ለመዝናናት፥ 8 ሰዓት ለእንቅልፍ። በ1919 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተሰበሰበው የዓለም የሥራ ድርጅት ጉባኤም የመጀመሪያ ስምምነቱን ያደረገው ስለዚሁ ነገር ነው፤ የፋብሪካ ሥራ በቀን 8፥ በሳምንት 48 ሰዓት እንዲሆን ወሰነ። ይህ ለብዙ ድካምተኛ ዕረፍት ያስገኘ ታላቅ ፍርድ ነው። ዳሩ ግን ሦስት ጊዜ ስምንት 24 ነው፤ ከቀኑ የተረፈ ነገር የለም። እንግዲያስ የድንጋይ ጠራቢው ምሳ መቼ በሰለ? ሸሚዙስ መቼ ታጠበ? ልጁስ በየትኛው ስምንት ውስጥ አደገ? ስሌቱ የተስተካከለው በቤት ውስጥ ሦስት ስምንት የማይደርሳት አንዲት ሴት ስለ ነበረች ነው።

ነገሩ በምሳሌ እንዲገለጥ፥ በአዲስ አበባ ዳር በጋራ መኖሪያ ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት ይታሰቡ። ባል በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሚስት በባንክ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ሁለት ልጆችና የባልየው አሮጊት እናት አብረዋቸው አሉ። የሥራ መግቢያው ጧት በ2 ሰዓት ተኩል ቢሆንም የታክሲው ሰልፍና የመንገዱ መጨናነቅ በ12 ሰዓት ተኩል ከቤት ያስወጣቸዋል፤ የሚመለሱትም ማታ በ1 ሰዓት ነው። እስከዚህ ድረስ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ እኩል ተጋፍተዋል፥ እኩል ደክመዋል፥ ሁለቱም ደመወዝ አምጥተዋል። ልዩነቱ የሚጀምረው የቤቱ በር ሲከፈት ነው። እርሱ ጫማውን ያወልቃል፤ እርስዋ ሽርጥዋን ታስራለች። እርሱ ዜና ሲያዳምጥ እርስዋ በአንድ ዓይኗ ድስቱን፥ በአንድ ዓይኗ የልጆቹን ደብተር ትመለከታለች፤ ለአማቷ መድኃኒታቸውን ታቀርባለች፤ ሳህኑን አጥባ፥ ሊጡን አቡክታ፥ የነገውን ልብስ አዘጋጅታ በ5 ሰዓት ስትተኛ ባልዋ ከተኛ ሁለት ሰዓት ሆኖታል። ይህ ባል ክፉ ሰው አይደለም፤ አይሰክርም፥ አይሳደብም፥ ደመወዙን ለቤቱ ያመጣል፥ ጎረቤትም ያመሰግነዋል። ጥፋቱ የመጣው ካልተመረመረ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ባለቤት የሌለው ኀጢአት ስለ ሆነ ንስሐ የሚገባለት አይገኝም።

ባልየው ቢጠየቅ መልስ አያጣም። «ከእርስዋ የሚበልጠውን ደመወዝ የማመጣ እኔ ነኝ፤ የቤት ሥራም ከልጅነቴ አልተማርሁም፤ ወንድ ልጅ ማድ ቤት መግባቱም ነውር ነው» ይላል። ይህ መልስ በብዙ ሰው አፍ ያለ ስለ ሆነ ሳይመረመር አይታለፍም። ስለ ደመወዙ የሆነ እንደ ሆነ፥ ድካም በደመወዝ አይለካም። ዕረፍት በደመወዝ ልክ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም የዋለው የቀን ሠራተኛ ከሁሉ ያነሰ ዕረፍት በተገባው ነበር፤ ይህንንም ፍርድ ነው የሚል አይገኝም። አልተማርሁም ስለ ማለቱ፥ ሒሳቡንም ይዞት አልተወለደም፤ ተምሮ ዐወቀው እንጂ። ነውር ነው ለማለቱ ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ራሱ ይመልስለታል። የቆሎ ተማሪ ከእናቱ ቤት ርቆ ሲኖር ልብሱን የሚያጥበው፥ የለመነውን እህል የሚያበስለው፥ ጎጆውን የሚጠርገው ራሱ ነው። ሴት በማትወጣበት በደብረ ዳሞ ገዳም ውሃ የሚቀዳው፥ ለማኅበሩም ምግብ የሚያሰናዳው ወንድ ነው። በገዳም ትሕትና ተብሎ የሚመሰገነው ሥራ ከሚስት ጓዳ ሲደርስ ነውር የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ሥራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሥራውን የሚረከበው ሌላ ትከሻ መገኘቱ ብቻ ነው።

ባልና ሚስቱ ሸክሙ ሲከብድባቸው መፍትሔ የሚሉትን ያደርጋሉ፤ ከገጠር የመጣች የ17 ዓመት ልጅ ይቀጥራሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ ጭቅጭቅ ይቀንሳል፤ ሚስትም ጥቂት ታርፋለች። ነገር ግን ሸክሙ አልቀነሰም፤ ትከሻ ለወጠ እንጂ። ልጅቱ የማታ ትምህርት ልትማር ተስማምታ ነበር፤ እንግዳ በመጣ ቍጥር ትቀራለች፥ ሕፃኑ ባተኰሰው ቍጥር ትቀራለች፥ በመጨረሻም ደብተርዋ ከአልጋዋ ሥር ይቀራል። ለአሠሪዎችዋ 8 ሰዓት የወሰነላቸው አዋጅ ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠሩትን ከወሰኑ ውጭ አድርጓቸዋል፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአሠሪው ቤት የሚያድር ሠራተኛ ጤናው እንዲጠበቅ፥ የሥራውና የዕረፍቱ ጊዜም በአግባቡ እንዲሆን ለአሠሪው ኅሊና አደራ ይሰጣል እንጂ ሰዓቱን ቈጥሮ አይወስንም። ስለዚህ የዚያች ልጅ ቀን የሚያልቀው ሌላው ሁሉ በተኛ ጊዜ ነው። ባልና ሚስቱ በየመሥሪያ ቤታቸው የትርፍ ሰዓት ሲቀርባቸው ፍርድ ጐደለ ብለው ያጕረመርማሉ፤ በገዛ ቤታቸው ያለውን የትርፍ ሰዓት ግን አያዩትም።

ይህ ሰንሰለት ከአንድ ቤት አልፎ ባሕር ይሻገራል። ወደ ሳዑዲ ዐረብ፥ ወደ ኵዌት፥ ወደ ኤምሬትስና ወደ ሊባኖስ ለቤት ሥራ ከሚሄዱት ኢትዮጵያውያት ሴቶች መካከል ልጆቻቸውን ትተው የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው። ጉዞው በ2006 ዓ.ም. ታግዶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ስለ ውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዲስ አዋጅ ወጥቶ በ2010 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ። እናቲቱ በሰው ሀገር የሰው ልጅ ታጥባለች፥ የሰው ልጅ ታስተኛለች፤ የእርስዋን ልጅ የምታስተኛው አሮጊት እናቷ ናት። በዚያ ሀገር ያለችው ባለቤት ዕረፍት ያገኘችው ከዚህች እናት ነው፤ ይህች እናት ጊዜ ያገኘችው ከአሮጊቲቱ ነው፤ አሮጊቲቱ ግን የምታስተላልፍበት ሰው የላትም። የደመወዙ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲወርድ እያነሰ እንደሚሄድ፥ ሸክሙ ሲወርድ እየከበደ ይሄዳል፤ ማረፊያውም ከሁሉ ደካማ የሆነው ጕልበት ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ የማንም ዕረፍት ከሰማይ አልወረደም፥ ሌላ ሰው ደክሞበታል። ስለዚህ ዕረፍት ዕዳ ነው፤ ዕዳውንም ማወቅ የመክፈል መጀመሪያ ነው።

የኦሪት ሕግ ይህን ዕዳ አስቀድሞ ያወቀው ይመስላል። የሰንበት ትእዛዝ የወረደው ለባለ ቤቱ ነው፤ ነገር ግን እርሱ ብቻ እንዲያርፍ አላለም። ወንድ ልጁንና ሴት ልጁን፥ ወንድ አገልጋዩንና ሴት አገልጋዩን፥ ከብቱንና በደጁ ያለውን መጻተኛ አንድ በአንድ ቈጥሮ ያሳርፋል፤ በዘዳግምም አገልጋዩ እንደ ጌታው እንዲያርፍ ምክንያቱን ይጨምራል፥ ባለ ቤቱም ራሱ በግብጽ ባሪያ እንደ ነበረ ያስታውሰዋል። የመጻሕፍትን ትርጓሜ የተማረ ሰው በዚህ ላይ ይጠይቃል፤ በሬንና አህያን ሲያነሣ ሚስትን ስለ ምን አላነሣም ቢሉ፥ ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸውና «አንተ» ባለ ጊዜ እርስዋንም መጥራቱ ነው። አንድም፥ ሌላውን የማሳረፍ አደራ በሁለቱ ላይ ስለ ሆነ ትእዛዙን ለሁለቱም መስጠቱ ነው። በየትኛውም ቢተረጐም ፍርዱ ያው ነው፤ አንድ ሥጋ ከሆኑ ግማሹ ሥጋ ዐርፎ ግማሹ ሊደክም አይገባም።

በኢትዮጵያ ስለ ዕረፍት ቀን ብዙ ተደክሟል። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1450 ዓ.ም.፥ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቀዳሚትም እሑድም እንዲከበሩ ወሰነ፤ ለዚህም ነገር አስቀድሞ ብዙ መነኰሳት ተሰድደውበታል። ከዚያ ወዲህ ገበሬ በሰንበት ሞፈሩን አይነካም፥ ሸማኔም መወርወሪያውን ያስቀምጣል። ማድ ቤት ግን ሰንበት የለውም። እንዲያውም የበዓል ቀን ለወንዱ የዕረፍት ቀን ሲሆን ለሴቲቱ ከዓመቱ ሁሉ የከበደ ቀን ነው። ለፋሲካ 55 ቀን የጾመች ሴት የጾሙ መፈሰኪያ ሲደርስ ሌሊቱን ስትከትፍና ስታቁላላ ታድራለች፤ የጠላው ጥንስስ፥ የዳቦው ሊጥ፥ የዶሮው ብልት የእርስዋ ነው። ማኅበር ሲወጣ፥ ዝክር ሲዘከር ካህናቱ ባርከው፥ እንግዶቹ ተቀምጠው ሲበሉ፥ አዘጋጅዋ ጸበል ጻዲቁን እንኳ ቆማ ትቀምሳለች። ቡና ሲፈላም አቦል፥ ቶና፥ በረካ እያለ ቤተ ሰቡ ይጫወታል፤ ከጨዋታው መካከል እየተነሣች ስኒ የምታለቀልቅ ግን አንዲት ሴት አለች። ወንጌልም ማርያም ጌታን ስትሰማ ማርታ በአገልግሎት ብዛት እንደ ባከነች ይነግራል። ሰው ሁሉ የማርያምን ዕድል ያመሰግናል፤ ነገር ግን የማርታን ድካም ተካፍሎ ማርታንም ለመስማት ያስቀመጠ ስንት ሰው ነው?

ይህ የማይታይ ድካም የሚታየው በቆመ ጊዜ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኦክቶበር 24 ቀን 1975 ዓ.ም. በአይስላንድ ሀገር ከመቶ 90 ያህሉ ሴቶች ለአንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱንም የቤቱንም ሥራ ትተው ወጡ። በዚያ ቀን ትምህርት ቤቶችና ፋብሪካዎች ተዘጉ ወይም በግማሽ ሠሩ፤ አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሥራቸው ሄዱ። በሚከተለው ዓመት የሴትና የወንድ እኩልነት ሕግ ወጣ፤ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር የተባሉት ሴት በሕዝብ ምርጫ ርእሰ ብሔር ሆኑ። ለዚህ ያበቃው ያ አንድ ቀን ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ዳሩ ግን ብዙ ዓመት የተነገረው ቃል ያላስተማረውን አንድ ቀን አስተምሯል። ያላየውን ሸክም ሰው አያመሰግንም፤ ያላመሰገነውንም አይካፈልም።

በዚህ ጊዜ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። «ትዳር ፍቅር ነው፤ ባልና ሚስት ሰዓት እየቈጠሩ፥ አንቺ ይህን ሠራሽ፥ አንተ ይህን ሠራህ እየተባባሉ ከተካሰሱ ቤቱ ገበያ ይሆናል፥ ፍቅርም ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ይህ ቃል እውነት አለበት። ልጁን የሚያጥብ አባት የሳሙናውን ዋጋ አያስብም፤ እናቱን የሚያስታምም ልጅ የሌሊቱን ሰዓት አይጽፍም። የመንከባከብ ድካም እንደ ሸክም ብቻ ቢታይ ጸጋው ይረሳል፤ ልጁን አቅፎ ያላስተኛ አባት ያተረፈው ዕረፍት ሳይሆን የከሰረው ደስታ ነው፥ ልጁም ካደገ በኋላ በገንዘብ አይገዛውም። ይሁን እንጂ «ፍቅር አይቈጥርም» የሚለውን ቃል አዘውትሮ የሚናገረው ማን እንደ ሆነ ልብ ማለት ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚናገረው ባለ ዕዳው ነው እንጂ አበዳሪው አይደለም። ፍቅር የራሱን ድካም አይቈጥርም፤ የሌላውን ድካም ግን ይቈጥራል። ባል የሚስቱን፥ ሚስት የባልዋን፥ ሁለቱም የሠራተኛዪቱንና የአሮጊቲቱን ድካም ሲቈጥሩ ቤቱ ገበያ አይሆንም፤ ሳይቈጥሩ ሲቀሩ ግን ቤቱ ዝም ያለ ግዞት ይሆናል።

እንግዲህ ለሁሉ ቤት የሚሆን አንድ ስፍር የለም። አንዱ ሌሊት የሚሠራ ዘበኛ ነው፤ አንዱ በመንገድ የሚውል ሹፌር ነው፤ አንዲቱ ሕፃን የያዘች ናት፤ በአንዱ ቤት በሽተኛ አለ፥ በአንዱ የለም። ሰዓቱን በሚዛን አካፍሎ ለሁሉ እኩል ማድረስ አይቻልም። ነገር ግን በማንኛውም ቤት የሚሠራ አንድ መመርመሪያ አለ። በሳምንቱ መጨረሻ የቤቱ ሰው ሁሉ ተቀምጦ፥ እያንዳንዱ በዚህ ሳምንት የራሱ የሆነች፥ ማንም ያልጠራበትን አንዲት ሰዓት ይናገር፤ አባት ይናገር፥ እናት ትናገር፥ አያት ይናገሩ፥ ሠራተኛዪቱም ተጠርታ ትናገር። «አልነበረችኝም» የሚል ሰው ከተገኘ፥ የሌሎቹን ዕረፍት ተሸክሞ የኖረው እርሱ ነው። ያን ጊዜ ብዙ የነበረው ከብዙው ይክፈል፤ ገንዘብም ስጦታም አይበቃም፥ ጊዜ የሚከፈለው በጊዜ ነውና። የሠራተኛዪቱ የትምህርት ሰዓት እንግዳ ቢመጣም አይነካ፤ የበዓሉ ሽንኵርት በብዙ እጅ ይከተፍ፤ ሕፃኑ በአምስተኛውም ሌሊት ሲያለቅስ የሚነሣው በተራ ይሁን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ለአደባባይ ብቻ አይደለም፤ ለጓዳም ነው። ካህኑም ባልና ሚስትን ሲመክር ስለ ስካርና ስለ ጠብ እንደሚጠይቅ፥ በዚህ ቤት ማን ያርፋል ማንስ አያርፍም ብሎ ይጠይቅ።

በአማርኛ «ዐረፈ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው፤ ከድካሙ ተቀመጠ ማለትም ነው፥ ሞተ ማለትም ነው። በብዙ ቤት ልጆች ተሰብስበው «እናታችን ዐረፈች» ብለው ያለቅሳሉ፤ ለቅሶ የመጣውም ሰው «ደክማ የኖረች ነበረች፥ አሁንስ ዐረፈች» እያለ ያጽናናቸዋል። ያ ማጽናኛ ለሰሚው ይጥማል፤ ውስጡን ለሚመረምረው ግን የክስ ቃል ነው። ባልና ልጆች፥ ጎረቤትና ዘመድ በአንድ ቤት እየበሉ ሊሰጧት ያልቻሉትን ዕረፍት ሞት ሰጣት ማለት ነውና። ስለዚህ ዕዳው የሚከፈለው አበዳሪዪቱ በሕይወት ሳለች ነው፤ ከተቀበረች በኋላ የሚደረግ ተዝካር የነፍስ ነው እንጂ፥ ያላረፈችበትን አንድ የእሑድ ጧት እንኳ አይመልስላትም።